አራት ኪሎ

በእኛ ቤት ግድግዳ ፎቶ አይሰቀልም፣
ከአባባ ጓንት በቀር ሚስማር የያዘ የለም፤
መዳፉ ተልጦ፣ ጭቃው ደርቆበት።
የቡና ማበጠሪያው ቡድን በረኛ ነበር፣
ጅማ በዝናብ ስትዋጥ ጎል ሥር ሲያድር።

አጋሮ ላይ የተሰበረ ሌባ ጣቱ
ቀና ብሎ አያውቅም እስከ ዛሬ፤
እኔን ሊቆጣ ሲቀስረው
ወደ ሙባረክ ይጠቁማል፣
ሙባረክም ሳያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል።

እማማ ደግሞ ሬዲዮኗን አታስነካም፤
ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣
ክረምት ሲሆን (ጅማ መቼ ክረምት ያልሆነ?)
በብብቷ ታሞቀዋለች።
የስፌት መኪናዋን እግሯ ሳያቆም
«ኦፍሳይድ ነው!» ትጮኻለች፣ ሳታይ።
ዳኛው ተሳስቶ ያውቃል፣
እሷ ግን አንድም ቀን።

ሙንተሃ የልብስ ገመድ ትዘላለች፣
እርጥቡ አንሶላ ሳይነካት፤
ገመዱ በየወሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፣
«እነሱ ቤት ልብስ የሚሰጣው በመሰላል ነው»
ይላሉ ጎረቤታችን አዴ ዲንቂቱ።

እራት ላይ ሕግ አለ፦
የመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ ወደ ጣራ ትወረወራለች፣
የቀለባት ይበላታል።
እኔ ቀልቤ አላውቅም።
ድመቷ ታውቀኛለች፣
ገና ዳቦዋ ሳትነሳ
እግሬ ሥር ትቀመጣለች።
«የበረኛ ልጅ፣ እጇ ወንፊት» ይለኛል ሙባረክ፤
አባባ ዝም ይላል።
ዝምታው ከቃሉ ይብሳል።

ዘጠነኛ ክፍል፣ የምዝገባው ቀን አረፈድኩ፤
አዌቱ ሞልቶ በድልድዩ ዞሬ መጣሁ።
ሩጫ ሞልቷል፣ ዝላይ ሞልቷል፣
መረብ ኳሶቹ ስሜን ሲሰሙ ሳቁ።
ቲቸር ኩምሳ ከስቶር ገብቶ
ዝገት የበላት አንዲት ብረት አወጣ፣
«አራት ኪሎ ናት» አለኝ።
«አራት ኪሎ፣ ፒያሳ! ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!»
ጮኸ አንዱ ከኋላ
እንደ ወያላ፤
ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።
ተቀበልኳት። አንገቴ ሥር አስጠጋኋት፣
ቀዘቀዘችኝ፤
ገፋኋት።
ድብ ብላ ጭቃው ውስጥ ጠፋች።
ሰው ሁሉ ዝም አለ፤
ይሄኛው ዝምታ የኔ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጓሯችን ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ፣
ውሃ ቋጥሮ እንቁራሪት ገባበት።
ሙባረክ እየተራገመ በአካፋ ያወጣታል፣
እማማ የስፌት ሜትሯን ትዘረጋለች፦
አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አራት ጣት፤
በጠመኔ ጠረጴዛዋ ላይ ትጽፈዋለች፣
በሰው ወገብና በሰው ደረት ልክ መሀል።
የትምህርት ቤቱ ማልያ የወንድ ነበር፣ ቁጥሩ አሥራ አራት፤
ጎኑን አጠበበችው፣
ትከሻውን ግን «ተይው፣ ትሞይዋለሽ» ብላ ተወችው።

አንድ ማታ አባባ ወጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።
ወረወርኩ።
እጁ ተዘረጋ፤ ልማድ ነው፤ እማማ ጮኸች፤
ሰበሰበው፣ ከጀርባው ደበቀው፣
ብረቷ በጎኑ አለፈች።
ጉድጓዱን ብዙ ጊዜ አየው።
«ሃያ ዓመት እንዳያልፈኝ ስል ኖርኩ» አለ፣
«አንቺ ግን፣ ልጄ፣ እለፊኝ።»
ከዚያ የጫማውን ጭቃ ደረጃው ላይ ፍቆ ገባ።

ስታዲየም የገባን ቀን ሦስተኛ ወጣሁ።
አንዲት የሊሙ ልጅ፣ ትከሻዋ እንደ በር፣
ከኔ ምልክት ሁለት እርምጃ አሳልፋ ጣለችው፤
ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፣ ይቆጨኛል።
ወረቀቴን ዝናብ መታው፣ «ሦስተኛ» የሚለው ቀለም ፈሰሰ።
«አንደኛም ሊሆን ይችላል» አለች እማማ፣
«ዳኛ እንደሆነ መች ይታመናል።»

አዲስ አሎሎ ሲመጣ
አሮጌዋን ቲቸር ኩምሳ ለኔ ሰጠኝ።
አባባ ከጓንቱ ጎን ሚስማር መታ፣
ቆመን አየን፤
ብረት አትሰቀልም።
በሩ ሥር አኖራት።
አሁን ከጅሬን ነፋስ ሲወርድ
የበረኛው ቤት በር
ተከፍቶ ያመሻል።

ዳቦዋን ትናንት ማታም አልቀለብኳትም።
ድመቷ በላች።